የታጠበ ምሳ ዕቃ

ሐሙስ ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

ልንቆርብ ነው። እኔና ደምሴ። እንደምን አመሸሽ የምልሽ፣ ማስታወሻዬ፣ ልቤ ቦታው ሲመለስ ነው።

ጠዋት ነው። የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ፣ እሱ ሻይ እየጠጣ። ዳቦውን ነከረ፣ አኘከ፣ ዋጠ፣ ከዚያ «ወርቄ፣ ለምን አንቆርብም?» አለኝ። ይሄን አምፖል ለምን አንቀይርም እንደሚል ሰው። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ድገመው አልኩት። ደገመው። ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ ጋራዡ ሄደ።

በሽማግሌ ተጋብተን፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርመን፣ ቤዛን ወልደን ሃያ ሦስት ዓመት። በቁርባን ግን አልታሰርንም። ከቆረቡ በኋላ መፋታት የለም፣ አንተ በመንገድህ እኔ በመንገዴ የለም። ስለምነው ኖሬያለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስናረጅ»። እርጅና ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚገባው ስለው ይስቃል።

ሱቅ ስከፍት ከድጃ ፊቴን አይታ ምን አግኝተሽ ነው አለችኝ። የእኔ ስፌት ቤትና የእሷ ጨርቅ መሸጫ በአንድ ግድግዳ ነው የሚኖሩት። የወሎ ልጅ ናት፣ ባሏ ሰይድ በአይሱዙ ጭነት ይጭናል። ነገርኳት። ቁርባን ምን እንደሆነ ጠልቆ አይገባትም፤ ባል በገዛ አፉ እስክሞት አልለይሽም ማለቱ ግን ገብቷት እልል ልትል ነበር። አፏን ያዝኩ።

ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። አንድ ቀሚስ ላይ ኪሱን ገልብጬ ሰፋሁ።

አሁን ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው። ለምን ዛሬ? ማን ሞተ? ምን አጠፋ? ታሞ ይሆን? እናቴ ነፍሷን ይማርና ወንድ ድንገት ጻድቅ ሲሆን ኪሱን እዪ ትል ነበር። አየሁ። ብሎንና መሐረብ።


ቅዳሜ ጥቅምት 8

መምሬ ኃይሌ ጋ ሄድን። የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው፤ ደምሴን ምከሩልኝ እያልኩ ስንቴ አስቸግሬያቸዋለሁ። ደስ አላቸው። ቀኑን አሁን አልቆርጥላችሁም፣ መጀመሪያ ንስሐ፣ ቀኖናችሁን ስትፈጽሙ እናያለን አሉ። ለእኔ የጠዋትና የማታ ጸሎት፣ ስግደት፣ ምላስን መጠበቅ። ይቺን የመጨረሻዋን ሲሉ ደምሴ ሳል የመሰለ ነገር አሰማ።

ከዚያ ጠየቁኝ። ከሰው ጋር የተጣላሽው አለ? የለም አልኩ። ሳላስብ፣ ቶሎ። ደምሴ ጫማውን አየ።

አስካለን አስቦ ነው። አውቃለሁ። ታላቅ እህቱ ናት። እናቴ ስትሞት ለቅሶ አልደረሰችም። ያኔ ሳሪስ አቦ ነበር ቤቷ፤ ከአቃቂ ሳሪስ አቦ ስንት ነው፣ አንድ ታክሲ። ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። በድንኳኑ ሦስቱንም ቀን መንገድ መንገድ እያየሁ፣ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች። ከዚያ ወዲያ ስሟ በቤቴ አይነሳም አልኩ። ይኸው ስምንት ዓመት አልተነሳም። ግን እሷ የተጣላኋት አይደለችም፣ የተውኳት ናት። ይለያያል።

አይለያይም?

ደምሴ ብቻውን ቀረ ከመምሬ ጋር። ደጀ ሰላሙ ጋ ስጠብቀው ጥላዬ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ዞረ። አንድ መካኒክ ምን ያህል ኃጢአት ቢኖረው ነው ይሄን ሁሉ የሚያወራው? ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ምን አሉህ? «የራሴን» አለኝ።


ማክሰኞ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2 ሰ.

ምሳ ዕቃው ትናንት ታጥቦ መጣ።

ልድገመው። ደምሴ፣ የበላበትን ሰሃን ተሻግሮ የሚያልፍ ሰው፣ ምሳ ዕቃ ታጥቦ ይዞ መጣ። ጋራዥ ውስጥ እጅ የሚታጠበው በናፍጣ ነው። እኔ ቤት ያለው ደረቅ ሳሙና ነው። ይሄ ሎሚ ሎሚ ይላል። የክዳኑ ጎማ ስር ሳይቀር ተፈትጓል። እንዲህ የሚያጥብ ወንድ ገና አልተወለደም።

ምነው ታጠበ? አልኩት። «መታጠቡ መጥፎ ነው?» አለኝ። ማን አጠበው? ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ለከድጃ ነገርኳት። ወላሂ ምሳ ዕቃ የሚያጥብ ከሆነ ሰይድን ልፍታና እኔም ልግባ አለች። እየቀለድኩ አይደለም ስላት ቀሚስ የምትለካ መስላ ወገቤን በሜትር ያዘችና «ቀጭነሻል፣ በቅናት ነው በጾም?» አለችኝ። ሁለቱም አይደለም አልኩ።

ስግደት። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል። መነሳቱ ነው ክፉው። ጸሎት ላይ ቆሜ ልቤ አይቆምም። አቤቱ ማረኝ፣ ማን አጠበው፣ አቤቱ ማረኝ፣ ሎሚ። አባታችን ሆይ ላይ ይቅርታ የምትለዋ ጋ ስደርስ ደግሞ አፌ ይፈጥናል። ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ቁልቁለት እንደያዘ ጋሪ።


አርብ ጥቅምት 14

ዛሬ ባዶውን አልመጣም። ቆሎ። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ ጣል ጣል ያለበት፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ።

እንግዲህ ሴት ናት። ዕቃ ባዶውን አይመለስም ተብላ ያደገች። ሽምብራውን ለብቻው ነው የቆላችው፣ ከገብሱ ጋር አብራ አላሳረረችውም። ስድ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ጨዋ ውሽማ መጥፎ ናት፣ ቶሎ አትለቅም።

ቤዛ ከሥራ ስትገባ ጨርቁን አሸታለሁ። «ማሚ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? ፋዘርን ተይውና ቆሎውን ብይ» አለችኝ። ራሷ በላችው፤ ማስረጃዬን በሙሉ። የዘንድሮ ልጅ።

ሌላ ነገር። ከሰኞ ወዲህ እራት ላይ ምንም አይነካም። ማክሰኞ ቅቅል ሠራሁ፣ ጠገብኩ አለኝ። ትናንት እንቁላል፣ ጠገብኩ። ዳቦና ሻይ። የት ነው የጠገበው? ደግሞ ለቀበቶው በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶለታል። ውሽማ ያለው ሰው ይወፍራል እንጂ ይከሳል? እንግዲያው በሽታ ነው? ሞቱን ሰምቶ ነው ልቁረብ ያለኝ? ይሄን ሳስብ ከውሽማው ይበልጥ ፈራሁ። ውሽማ ትሁን ጌታዬ አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸለያል?


ሰኞ ጥቅምት 17

ከድጃ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ብላ አላየችኝም። ጨርቅ ታጥፋለች፣ የታጠፈውን ትዘረጋለች። በመጨረሻ ወንበሯን ይዛ መጣች። ለነገረኛ አልነግርም ብዬ ነበር፣ ግን አብሬሽ እንጀራ ቆርሻለሁ አለች። ሰይድ ገላን ኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ሊያራግፍ ሄዶ ደምሴን አይቶታል። በምሳ ሰዓት። ከባጃጅ ወርዶ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ፣ ደረጃ ሲወጣ። አንዴ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ።

የምሰፋውን አስቀመጥኩ። ብሎኩን ያውቀዋል? ያውቀዋል። «ዛሬ አትሄጂም» አለችኝ። «ዛሬ ከሄድሽ ሰው ትገያለሽ። ነገ፣ ከእኔ ጋር።»

ማታ ስግደት የለም። ጸሎት የለም። ለማን ብዬ? ከአንድ ሌባ ጋር አብሬ ልቆርብ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ልታሰር? ለዚህ ነው ቁርባኑ የታሰበው፤ ከቆረብን በኋላ ባውቅ እንኳ የትም እንዳልሄድ። ብልጥ። ስንት ዓመት ሞኝ ነው ስል።


ማክሰኞ ጥቅምት 18

ዝም ብዬ እጽፋለሁ።

በ6 ሰ. ተኩል ሱቅ ዘጋን። ባጃጅ። ከድጃ ከእኔ በላይ ተናዳ፣ ገና መንገድ ላይ ሴትዮዋን ትሰድባታለች። ብሎኩ ሥር ስንደርስ እሷ እዚያው ልትጠብቀኝ ተስማማን። አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ላይ የሰው ሁሉ ልብስ ተሰጥቷል፣ በእርጥብ አንሶላ መሐል እየተሽሎከሎክኩ። ድምፁን ሰማሁ። ይስቃል። ቤቴ ውስጥ ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው።

በሩ ለአየር ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ አየሁ።

አስካለ።

አሮጊት ሆናለች። ወንበር ላይ፣ በጉልበቷ ላይ የእኔ ምሳ ዕቃ፣ ትናንት የሠራሁትን ወጥ በማንኪያ ትበላለች። ደምሴ መሬት ተቀምጦ አንድ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ ጥፍሯን ይቆርጣል። እግሯ አብጧል፣ ጠቁሯል፣ ስኳር መሆን አለበት። እሱ እየፈራ፣ እየተነፈሰ፣ ካርቡሬተር እንደሚፈታ ሰው። ተጠንቀቅ ትለዋለች፣ አንተ ልጅ፣ ተጠንቀቅ። የሃምሳ አራት ዓመት ሰውዬ። እሱ አይበላም። ከፊቱ ምንም የለም።

አልገባሁም። እግሬ ራሱ ዞረ። ወረድኩ።

ከድጃ ባጃጁ ውስጥ፦ «ቆንጆ ናት?»
«እህቱ ናት።»
«አልሐምዱሊላህ።»
«ምን አልሐምዱሊላህ!» አልኳት። እስክንደርስ አላናገርኳትም።

እውነቱን ልንገርሽ ማስታወሻዬ፣ ለሌላ አልነግርም። ውሽማ ባገኝ ይሻለኝ ነበር። ውሽማ ብትሆን ልክ ነበርኩ።


ረቡዕ ጥቅምት 19

አወጣሁት። ማታ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ። አይቼሃለሁ አልኩት። አልካደም። ተቀምጦ ጫማውን እያየ ተናገረ፣ እንዲህ ያለ ብዙ ንግግር ከተጫጨን ወዲህ አልሰማሁም።

ንስሐ ሲገባ መምሬ የቀረውን የጽጌ ጾም ጹም ብለውታል። እኔ እንኳ ጽጌን አልጾምም፤ የፈቃድ ጾም ነው፣ ትልልቆቹን ከጾምኩ ይበቃኛል ባይ ነኝ። የጾምከውን ምሳ ለሚያስፈልገው ስጥ፣ ለማንም አታውራ ብለውታል። ለማን ልስጥ ሲል እሷ መጣችበት። እግሯን አሟት ከገላን ቤቷ መውረድ እንዳቃታት ከሰው ሰምቶ ኖሯል። ሄደ። ቆሎውን የምትልከው እሷ ናት። ምሳ ዕቃውን ግድግዳ ተደግፋ ቆማ የምታጥበው እሷ ናት፤ እንዳታጥብ ቢላት የወርቄን ዕቃ አቆሽሼ አልመልስም ብላ።

የወርቄን ዕቃ። አውቃ ነው የምትበላው።

ለምን አልነገርከኝም? ስል ቀና አለ። «ስሟ አይነሳ ያልሽው አንቺ ነሽ። አላነሳሁም።»

ድስቱን ከፈትኩ፣ መልሼ ከደንኩ።

ግን ስመለከተው ሌላ ነገር ገባኝ። ይሄ ሁሉ ቁርባን ቁርባን የሚባለው እኔን ከእሷ ለማስታረቅ የተጠነሰሰ ነው። እሱና መምሬ። ያን ቀን ያን ያህል የቆዩት ይሄን ሲመክሩ ነው። ደስታዬን ወጥመድ ላይ እንደሚደረግ ሥጋ አድርገውት። እኔም እንደ አይጥ እየሳቅኩ ገባሁ። አልቆርብም አልኩት። ያለእኔ ቁረብ።

«ያለአንቺማ እስካሁንም እችል ነበር» አለኝ። ከዚያ ዳቦና ሻይ።


ቅዳሜ ጥቅምት 22

መምሬን ልወቅሳቸው ሄድኩ። ቅዳሴ ወጥቶ ከቤተልሔሙ ጀርባ ተቀምጠው የጥላቸውን ሽቦ ያስራሉ። ሳልሳለማቸው ጀመርኩ። አባ፣ እርስዎ ነዎት ወይ ይሄን ወጥመድ የሠሩት?

አልተቆጡም። ወጥመድ ብሠራ ቀድመሽ የምትነቂው አንቺ አይደለሽም ወይ አሉኝ። ሊያስቁኝ ነው። አልሳቅኩም። የደምሴን ከደምሴ ጠይቂ፣ የሰው ንስሐ ከእኔ አይወጣም፤ አንቺን ግን ጠይቄሽ ነበር፣ የለም አልሽኝ አሉ።

ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ድንኳኑን፣ ሦስቱን ቀን፣ መንገዱን ማየቴን። ይቅር ልላት እችላለሁ አባ፣ ግን ለምን እንደቀረች ትንገረኝ። ታማ ከሆነ፣ ታስራ ከሆነ፣ ሰው አስቀይሟት ከሆነ። ምክንያቱን ልስማና ይቅር እላለሁ።

ሽቦውን በጥርሳቸው ነክሰው ጎተቱ። «ምክንያት ሰምተሽ ነጻ ብትለቂያትማ ዳኝነት ነው፣ ልጄ» አሉ። «ምክንያት ካላት ምን ይቅርታ ያስፈልጋታል?»

እና ምክንያት ባይኖራትስ? አልኳቸው። በንቀት ቀርታ ቢሆንስ?

ጥላውን ከፈቱ፣ ዘጉ። «ጉልበትሽ እንዴት ነው ስግደቱ ላይ?» አሉኝ። መነሳቱ ይከብደኛል አልኩ። እሱ ነው አሉ፣ መውደቁንማ ማንም ይወድቃል።

እየተናደድኩ ተመለስኩ። ሰው መልስ ፈልጎ ሲሄድ ጥላ ያሳዩታል።


ረቡዕ ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 1 ሰ.

አሁን ምሳውን ለማን እንደምሠራ አውቃለሁ። ችግሩ እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ በነገረኝ ማግስት፣ ድስቱ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ትንሽ ላድርግበት? ደረቅ እንጀራ ላድርግ? የትናንቱን ልላክ? እጄ እምቢ አለ። በሕይወቴ ለማንም የሻገተ ሰጥቼ አላውቅም፣ ለእሷ ስል ልማዴን አላበላሽም። በጥላቻ ነው ጥሩ ምግብ የላክሁት፣ እግዜር ይየው።

አርብ ደምሴን ጠየቅኩት፣ ሌላ ነገር የማወራ መስዬ። ሐኪም ጨው ከልክሏታል? ከልክሏታል። ስኳሩ ላይ ደም ግፊትም አለባት። እና እስከዛሬ የእኔን ወጥ ከነጨው ስትበላ? «በውኃ እያጠበች።» ወጤን በውኃ ታጥባለች! ይሄንን እንዴት ልታገስ። ከቅዳሜ ጀምሮ ለብቻዋ በትንሽ ድስት እሠራለሁ፤ ጨው የለ፣ ዘይት ጠብ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዛ አድርጌ እንዲጣፍጥ። ይቅር ብያት አይደለም። ወጤ እንዳይታጠብ ነው።

ከድጃ ትንሿን ድስት አይታ ሳቀች። እኛ ጋ ይሄ ፍቅር ይባላል፣ እናንተ ጋ ምንድነው አለችኝ። ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

ስግደት እንደገና ጀምሬያለሁ። አባታችን ሆይን ዝግ ብዬ ለማለት እሞክራለሁ። ያቺ ቦታ ስደርስ እቆማለሁ፣ አላልፍም፣ ወደኋላም አልመለስም። እዚያው እንደቆምኩ ሻማው ይነዳል። ዛሬ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለእናቴ ይመስለኛል።

ደምሴን አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅኩት። ከመምሬም በፊት፣ ከአስካለም በፊት፣ ያን ቀን ጠዋት ከሻይህ ጋር ለምን አልክ? ለምን አሁን? ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እጁን አስገብቶ መነጽር አወጣ። ካዘዙለት ወር ሊሆነው ነው፣ አፍሮ ጋራዥ ውስጥ ደብቆት ከርሟል። የመፍቻውን ቁጥር ማንበብ አቅቶት ነው። «ስናረጅ ብዬሽ አልነበር? አረጀሁ» አለኝ። አድርጎ አየኝ። ጉጉት ይመስላል። ያን ያህል ስጠረጥረው፣ ሰውየው ለካ ቃሉን እየጠበቀ ነው።


እሁድ ጥቅምት 30

ሄድኩ። ከቅዳሴ መልስ፣ ከደምሴ ጋር። ርቄያት ልቆም ነበር ሐሳቤ፤ ሰላም ብዬ፣ ሰምቼ፣ ወጥቼ።

በሩ ላይ ስታየኝ ተነሳች። በዚያ እግሯ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና በትልቁ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እማማ ተዋበች፣ እማማ ተዋበች፣ አፈር ሳላለብስዎት፣ አጎንብሼ ደጅዎን ሳልረግጥ። ደረቷን ትመታለች። ለካ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው መጀመሪያ ሲገናኝ ማልቀስ አለበት፤ ስምንት ዓመት ተቀምጦላታል ማለት ነው፣ ልክ ትናንት እንደሞተች። እኔም ያዘኝ። አለቅጥ። እናቴን በስሟ የጠራት ሰው ከሞተች ስንት ጊዜው።

ታዲያ ኮንዶሚኒየም አይደል። ጎረቤት ሰማ። ከጎን ያለችው ሴትዮ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ ነጠላ አዘቅዝቃ ገባች። ከላይ ሁለት ወጣቶች ወንበር ተሸክመው ወረዱ። አንድ ሽማግሌ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። ማን ነው? ማን ነው የሞተው? «የእሷ እናት» ይላል ደምሴ እኔን እያሳየ። ወይኔ፣ ዛሬ ነው? መቼ ነው ቀብሩ? ደምሴ መነጽሩን አወለቀ። «ስምንት ዓመት ሆናቸው።»

ሊጧን የያዘችው ሴት ደምሴን አየች፣ አስካለን አየች፣ እኔን። ቤዛ ብትኖር መሬት ላይ ተንከባልላ ትስቅ ነበር። እኔ ራሴ በለቅሶው መሐል ሳቅ ሊያፍነኝ ነው። ሽማግሌው ግን ወንበሩን አስተካከሉ። «ምን ይለያል፣ ሐዘን ሐዘን ነው፤ ቁጭ በሉ» አሉ። ሁሉም ተቀመጠ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አሉኝ አንድ በአንድ። ያኔ ሳልሰማው የቀረሁትን ያህል አጽናኑኝ። ሴትዮዋ ሊጧን ታጥባ ውኃ አመጣችልኝ።

ጎረቤቶቹ ወጡ። ጠበቅኩ። አሁን ትናገራለች። አስካለ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «መምጣት ነበረብኝ» አለች። «አልመጣሁም።»

ቀጥሎ ያለውን ጠበቅኩ። ምክንያቱም የሚለውን። አልመጣም። ዓይኗን አልሰበረችም፣ አልቀጠለችም። ያቺ ናት። ሌላ የላትም፣ ወይም አትሰጠኝም። ውስጤ ያለችው ጠርጣራ ሴትዮ ጠይቂ ጠይቂ ትለኛለች። ጠይቄ ባገኝ እኮ ልክ ስለመሆኗ ልመዝን ነው። ዳኛ ልሆን ነው። መምሬን አስታወስኩ፣ ተናደድኩባቸው።

ተነስቼ ጉልበቷን ሳምኩ። ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅርታ ልጠየቅ መጥቼ እኔ ጠያቂ። ስምንት ዓመት ወንድምሽን ከልክዬሻለሁ። እሷ ደግሞ እኔን ይቅር በይኝ ትለኛለች። ማን ማንን እንደሚቀድም አልታወቀም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን ተባባልን።

ስንወጣ ደምሴ ደረጃው ላይ፣ በሰው አንሶላ መሐል፣ እጄን ያዘ።

ምክንያቱን አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ይሄንንም ጻፍኩልሽ። ግን ማታ አባታችን ሆይን እስከ መጨረሻው አልኩት፣ ሳልፈጥን።


ሐሙስ ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 12 ሰ. ተኩል

መምሬ ቀኑን ሰጡን። ጾሙ ቅዳሜ ይፈታል፤ ማግስቱን እኛ። ሲነግሩን ሳልጠይቅ አልቀረሁም፣ እርስዎ ይሄን ሁሉ አስቀድመው አውቀው ነበር አይደል? አልኳቸው። ሳቁ፤ የሚስቁትን ሳቅ እጠረጥረዋለሁ።

ቤቱ ተገልብጧል። ወንበር ከእድር መጥቷል። የእኔም የደምሴም ነጭ ልብስ ተሰፍቷል፤ የሱን ሱሪ ወገቡን ማጥበብ ነበረብኝ፣ ከሳብኝ ሰውዬው፣ ከእሁድ ጀምሮ አበላዋለሁ። አስካለን ከአራተኛ ፎቅ የጋራዡ ጎረምሶች በወንበር ያወርዷታል። ሞተር የሚያወርዱ እኔን ማውረድ አያቅታቸውም ብላ እየሳቀች ነው አሉ። ለእሷ ጨው የሌለው ለብቻ። ለከድጃና ለወገኖቿ በግ ሰይድ ራሱ ያርዳል፣ ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ቦታው ለብቻ፤ ከእሱ በላ ከዚህ በላ የሚል ወሬ እንዳልሰማ። ከድጃ የአንቺን የቁርባን ቀሚስ ጨርቅ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እኔም ግማሽ ቆርቤያለሁ ትላለች።

ቤዛ ደግሞ ጓደኛዬን ይዤ እመጣለሁ ብላለች። ጓደኛዬን። ስሙን ስጠይቃት ስልኳን ታያለች። ምን ዓይነት ጓደኛ ነው ለወላጆች ቁርባን ክራቫት የሚገዛ? ይምጣ። አየዋለሁ።

ለሁሉም ደውያለሁ፤ ያልደወልኩላቸው ካሉ በሰው ይስሙ። ለአክስቶቼ፣ ለደምሴ ወገን፣ ለእድርተኛው፣ ለገላኖቹ ጭምር፣ ወንበር ተሸክመው ለወረዱት ልጆች፣ ሊጥ በእጇ ይዛ ለመጣችው ሴትዮ፣ ለሽማግሌው። ደምሴ ቤቱ አይበቃም ይለኛል፣ ደጁ ምን ሊሆን ነው። የሚቀር ሰው ካለ ለምን ቀረህ አልለውም። እንደዚያ ወስኛለሁ። በልቤ እል ይሆናል፣ በአፌ ግን አልልም። ግን አትቅሩ። ከቅዳሴ መልስ፣ አቃቂ፣ እኛ ቤት፣ እሁድ ኅዳር 7።